አንድ ዓመት በአንድ ሲባጎ፦ የዓመቱን ታላላቅ ዜናዎች ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች እንዴት እናስተምር?

"ቲቸር፣ የህዳሴ ግድብ ቢፈርስ ሐዋሳ ትሰምጣለች አይደል?"

የጠየቀችኝ የአራተኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። መስከረም 2018 ነው፤ ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ቀን። ግድቡ ከተመረቀ ሳምንት አልፎታል። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጥያቄው የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። "ማን ነገረሽ?" አልኳት። "ባጃጅ ውስጥ አንድ ሰውዬ ለሾፌሩ ሲያወራ ሰማሁ" አለችኝ።

ምን እንደመለስኩላት በኋላ እነግራችኋለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር ልበል። ልጆቻችን ዜናውን ከእኛ በፊት ሰምተውታል። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ታላቅ ወንድም ቲክቶክ ሲያይ እነሱም በትከሻው ላይ ያያሉ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ሊበሉ ሲወሰዱ ትልልቆቹ የሚያወሩትን ይሰማሉ። ግን የሚሰሙት ግማሹን ነው። የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ እነሱ ጋ ይደርስ እንደሆነ የሚነግራቸው የለም። ስለዚህ ክፍል የምገባው አዲስ ዜና ልነግራቸው ብዬ አይደለም። የሰሙትን ቦታና ቀን ለማስያዝ ነው። ፍርሃት ካለበት ደግሞ ፍርሃቱን ለማውጣት።

የምጽፈው ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ለምታስተምሩ ነው። ምሳሌዎቼ ከ2017 ዓ.ም. ናቸው። እናንተ የምታስተምሩት ዓመት ሌላ ከሆነ ዜናውን ቀይሩት፤ አካሄዱ ያው ነው።

መቼ እናስተምረው?

የእኛ ዓመት የሚያልቀው ልጆቹ ቤታቸው ሳሉ ነው። ሰኔ ላይ ትምህርት ይዘጋል፤ ክረምቱ ያልፋል፤ ጳጉሜንም ትሄዳለች። ሰኔ ላይ "የዓመቱ ዜናዎች" ብለን ብናስተምር ሁለት ወር ከአምስት ቀን ይቀረናል። በ2017 ደግሞ ትልቁ ዜና የመጣው ጳጉሜን 4 ነበር።

የእኔ ምርጫ ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ያሉት ቀናት ናቸው። እናውቃቸዋለን። ምዝገባው አላለቀም። መጽሐፍ ገና እየታደለ ነው። አንዳንዱ ልጅ ከዘመድ ቤት አልተመለሰም። ብዙ ጊዜ እንዲሁ በከንቱ የሚያልፉ ቀናት ናቸው። ስድስት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። እኔ ሁለቱን ከአካባቢ ሳይንስ፣ ሁለቱን ከአማርኛ፣ አንዱን ከሒሳብ፣ አንዱን ከግብረ ገብ እወስዳለሁ። ለርዕሰ መምህሩ አስቀድማችሁ ንገሩ። የምታነሷቸውን ዜናዎች በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ብትሰጡት በኋላ ወላጅ ሲጠይቅ መልሱ ዝግጁ ይሆናል።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ብዙ ወጪ የለውም። አምስት ሜትር ሲባጎ፣ ሁለት ደርዘን የልብስ መቆንጠጫ፣ ማርከር፣ 30 ሳንቲሜትር ማስመሪያ፣ የኢትዮጵያና የዓለም ካርታ። ለካርዶቹ ሰፈር ያለ ሱቅ ሄዳችሁ የፓስታ ወይም የሳሙና ካርቶን ጠይቁ። ባለሱቁ በነፃ ይሰጣችኋል።

ደረጃ 1፦ ጥቂት ዜና ምረጡ

መጀመሪያ የሞከርኩት ዓመት ሃያ ዜና ይዤ ገባሁ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ ልጆቹ ወደ ደብተራቸው ገለበጡ። በማግስቱ "ትናንት ስለ ምን ተማርን?" ስል ሦስት ልጆች ብቻ እጅ አወጡ። ሦስቱም የነገሩኝ ያንኑ አንድ የኳስ ዜና ነው።

ከዚያ ወዲህ ከስምንት አላልፍም። ስመርጥ ራሴን የምጠይቀው ቀላል ነው። ይህን ዜና በካርታ ላይ በጣቴ ማሳየት እችላለሁ? የ10 ዓመት ልጅ "ለምን?" ብሎ ቢጠይቀኝ ሦስት ዓረፍተ ነገር በማይሞላ መልስ መስጠት እችላለሁ? ልጁ ማታ ይዞት ቢተኛ ያስፈራዋል? ካስፈራው ደግሞ አብሬው የማስይዘው የሚያረጋጋ ነገር አለኝ?

ከ2017 የመረጥኳቸው እነዚህ ናቸው። ከአገር ቤት የህዳሴ ግድብ ምረቃ፣ ከመስከረም እስከ ጥር በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ እንዲሁም ሐምሌ 24 በአንድ ቀን 700 ሚሊዮን ችግኝ ለመትከል የታቀደበት ዘመቻ። ችግኙን ያስገባሁት ብዙዎቹ ልጆች በእጃቸው ስለተከሉ ነው። ዜና ውስጥ ራሱን ያገኘ ልጅ ዜና አይረሳም።

ከክልላችን ከሲዳማ ታኅሣሥ 20 በቦና ዙሪያ የደረሰውን ከባድ የመኪና አደጋ አንስቻለሁ። በኋላ ለብቻው እመለስበታለሁ። የሲዳማ አዲስ ዓመት የሆነውን ፍቼ ጨምበላላንም ልጆቹ ራሳቸው አስገቡት። "በየዓመቱ የሚከበር በዓል ዜና ነው ወይ?" ብዬ ተከራከርኳቸው። አንዱ ልጅ "ቀኑ በየዓመቱ ይቀየራል፤ አያንቶዎች፣ ማለት የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪ ሽማግሌዎች፣ ከዋክብት ዓይተው ሲናገሩ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ሲነገር ዜና ነው" አለኝ። ተረታሁ። በዓሉ በ2008 በዩኔስኮ የተመዘገበ መሆኑን ጨምሬ ሰቀልንለት።

ከዓለም ሦስት ወሰድኩ። የመጀመሪያው የሁለቱ የአሜሪካ ጠፈርተኞች ታሪክ ነው። ለስምንት ቀን ያህል ብለው ሄደው፣ መንኮራኩራቸው ችግር ገጥሞት 286 ቀን ቆይተው፣ መጋቢት 9 ተመለሱ። ሁለተኛው የዚምባብዌዋ ዋናተኛ ክሪስቲ ኮቨንትሪ መጋቢት 11 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆና መመረጧ ነው። ለዚያ ወንበር የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ ከአፍሪካም የመጀመሪያዋ። ሴቶቹ ልጆች ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ሲበራ ማየት ደስ ይላል። ሦስተኛው ኳስ ነው፤ ግንቦት 23 ፒኤስጂ ኢንተር ሚላንን 5 ለ 0 አሸንፎ የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ የወሰደበት። ኳስን አትናቁ። ቀኑን፣ ውጤቱን፣ ያገባውን ሰው ሳይሳሳት የሚናገር ልጅ ዜና መያዝ እንደሚችል አሳይቷችኋል።

ደረጃ 2፦ አትናገሩ፤ ስሙ

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእነሱ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ሉክ ወረቀት ስጡ። "ባለፈው ዓመት የሰማችሁትን አንድ ትልቅ ነገር ጻፉ፤ መጻፍ ያልፈለገ ይሣል" በሉ። ስም አይጻፍበት። ክፍሌ ውስጥ ቤታቸው ሲዳሙ አፎ፣ ወላይትኛ፣ ጉራጌኛ፣ ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች አሉ። በሚቀናቸው ቋንቋ ይጻፉ። አጠገባቸው ያለው ጓደኛ ይተረጉማል።

ወረቀቶቹን ሰብስባችሁ አንድ በአንድ አንብቡ። ሰሌዳውን ለሁለት ክፈሉት። በግራ "ሰማን"፣ በቀኝ "አረጋገጥን"። መጀመሪያ ሁሉም በግራ ይገባል። የተሳሳተውም፣ የሚያስቀውም፣ የሚያስፈራውም። "ይህ ውሸት ነው" ብላችሁ እዚያው አታጥፉ። እንዲያ ካደረጋችሁ ሌላ ጊዜ የሚፈራውን ነገር ማንም አይነግራችሁም።

ከዚያ ወሬና ዜና የሚለዩበትን ነገር አሳዩ። ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ጨዋታው ይበቃል። ከኋላ ለተቀመጠ ልጅ በጆሮው አንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት። እኔ "ሐምሌ 24 ጠዋት በታቦር ተራራ ሥር 40 ልጆች ችግኝ ተከሉ" አልኩት። ከጆሮ ወደ ጆሮ እየተላለፈ የመጀመሪያው ረድፍ ሲደርስ "ታቦር ተራራ ላይ 400 ሰው ተተከለ" ሆኖ ወጣ። የክፍሉ ሳቅ ሲያባራ ጠየቅኳቸው። ቀኑ የት ጠፋ? ቁጥሩን ማን ጨመረው? ማንም ሆን ብሎ አልዋሸም። ግን ደረሰን የተባለው ነገር የተላከው አልነበረም።

"ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት" የሚለውን አባባል በትልቁ ጽፈን ከሰሌዳው በላይ ለጠፍን። ሥሩ ልጆቹ ሦስት ጥያቄ ጻፉ። ከማን ሰማሁት? እሱስ ከየት አገኘው? ሌላ ማን ተናገረው? ከዚህ በኋላ በሚሠሩት ካርድ ሁሉ ጀርባ ላይ የእነዚህን መልስ ይጽፋሉ። "ቲክቶክ ላይ" ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው። አትቆጡ። "ቲክቶክ ላይ ማን?" ብላችሁ ብቻ ጠይቁ። መልስ ካጣ ካርዱ "ሰማን" ሥር ይቆያል።

ደረጃ 3፦ ሲባጎው

ይህ የሥራው ልብ ነው። ጊዜ ስጡት።

ለትንሽ ልጅ "ባለፈው ጥር" ማለትና "የዛሬ አምስት ዓመት" ማለት ብዙም አይለያይም። ሁሉም "ድሮ" ነው። ስለዚህ ዓመቱን በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚነካ ማድረግ አለብን። መንገዱ ደግሞ በየልጁ ቦርሳ ውስጥ አለ። 30 ሳንቲሜትሯ ማስመሪያ አንድ ወር ናት። አንድ ቀን አንድ ሳንቲሜትር። አሥራ ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ለጳጉሜን አምስት ሳንቲሜትር ጨምሩ፤ 3 ሜትር ከ65 ሳንቲሜትር ይሆናል። ይኼው ዓመቱ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አንዱ ወር 28፣ ሌላው 31 ቢሆን ይህ አይመቸንም ነበር።

ልኬቱን ልጆቹ ይሥሩት። ሁለት ሲባጎውን ወጥረው ይይዛሉ፤ አንዷ ማስመሪያውን ታስቀምጣለች፤ አንዱ በየወሩ ድንበር በማርከር ያቀልማል። ሲባጎ ስለሚሳብ ጠበቅ ይበል። ከሁለቱም ጫፍ ለማሰሪያ የሚሆን ትርፍ ተዉ። ከሰሌዳው በተቃራኒ ባለው ግድግዳ፣ ልጆቹ በሚደርሱበት ቁመት እሰሩት። የወር ስሞቹን ጻፉ። ስድስተኛ ክፍል ከሆኑ ሉቃስ ዓመት ላይ ጳጉሜን ስድስት እንደምትሆን፣ የ2015 ሲባጎ ቢሠራ አንድ ሳንቲሜትር እንደሚረዝም ንገሯቸው።

አሁን ሒሳቡ ይመጣል። "የቦናው አደጋ ታኅሣሥ 20 ነው። ስንተኛው ሳንቲሜትር ላይ ይሰቀላል?" መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ሦስት ወር፣ 90። ሲደመር 20፣ 110። አንዷ ልጅ ሄዳ ለክታ መቆንጠጫውን ትሰቅላለች። የህዳሴ ግድብ ምረቃ 364ኛው ላይ ነው፤ ከጫፉ አንድ ሳንቲሜትር ሲቀር። ልጆቹ ይህን ሲያዩ "ወይኔ፣ ለጥቂት!" ብለው ጮኹ።

የጠፈርተኞቹ ደግሞ ከሁሉም ያስገረማቸው ነው። የተመለሱበትን ቀን 189ኛው ሳንቲሜትር ላይ ሰቀልን። "286 ቀን ቆይተዋል። ወደ ኋላ ቁጠሩና የሄዱበትን ቀን አሳዩኝ" አልኳቸው። 286 ሳንቲሜትር ቀይ ክር ቆርጠው ከመጋቢት ወደ ኋላ ዘረጉት። ክሩ የካቲትን አለፈ፣ ጥርን አለፈ፣ መስከረም 1 ደረሰ። አሁንም 97 ሳንቲሜትር ተረፈው። ሲባጎው አልቆ ክሩ ግድግዳው ላይ ወጣ። "ቲቸር፣ ዓመቱ አልበቃቸውም!" አለ አንዱ። የሄዱት ግንቦት 28 ቀን 2016 ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ "ስምንት ቀን ብለው ሄደው" የሚለው ለእነሱ የተጻፈ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ስምንት ሳንቲሜትሩን ከ286ቱ ጎን ለጎን አይተውታል።

እዚህ ላይ የሚያደናግራቸው የዓመት ቁጥር ነው። ዜና ላይ 2025 ሲባል ይሰማሉ። አንዳንዱ ገና ያልመጣ ዓመት ይመስለዋል። በሲባጎው ላይ ታኅሣሥ 23 ላይ ሰማያዊ ምልክት አድርጉ፤ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት የገባው እዚያ ነው። ከምልክቱ በግራ ያለው በእነሱ 2024፣ በቀኝ ያለው 2025። ሁለቱም ግን በእኛ 2017። ይህን አንድ ጊዜ በዓይናቸው ካዩ ይበቃል፤ የመቀየሪያ ቀመር ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ይቆይ።

ደረጃ 4፦ ከሐዋሳ ጀምሮ በካርታ

ካርታ ላይ መጀመሪያ ሐዋሳን ፈልጉ። ሁልጊዜ። ከእኛ ወዴት ነው? ወደ ፀሐይ መውጫ ወይስ መግቢያ? አውቶቡስ ይወስዳል ወይስ አውሮፕላን? ቀይ ክሩን ከሐዋሳ ግድቡ ወዳለበት ጉባ፣ ከሐዋሳ ወደ አዋሽ፣ ከሐዋሳ ወደ ዚምባብዌ ዘርጉ። ከግማሽ ክፍለ ጊዜ በላይ አይወስድም።

ደረጃ 5፦ አንዱን ዜና በጥልቀት

ሁሉንም ዜና እኩል ማስተማር አይቻልም፤ አይገባምም። አንዱን ምረጡና ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስጡት። እኔ የህዳሴ ግድብን ወሰድኩ፤ የዚያች ልጅ ጥያቄ አለብኝና።

መጀመሪያ ታሪኩ። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ተጣለ። ቦታው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ጉባ፣ ዓባይ ላይ። ከ14 ዓመት በኋላ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። ክፍሌ ውስጥ ያሉት ልጆች ሲጀመር አንዳቸውም አልተወለዱም።

ከዚያ ቁጥሮቹ። 5,150 ሜጋ ዋት ብላችሁ ብትነግሯቸው ይጽፉታል እንጂ አያዩትም። ቁጥር ሁሉ ልጁ ከሚያውቀው ነገር ጋር ይታሰር። ዋናው ግድብ 145 ሜትር ከፍታ አለው። የሰንደቅ ዓላማ መስቀያችን ወደ 7 ሜትር ነው። ከ20 በላይ መስቀያ አንዱ ባንዱ ላይ ቢቆም ማለት ነው። ግቢ አወጣኋቸውና አንገታቸውን ቀና አድርገው ገመቱት። ንጋት የተባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። የሐዋሳ ሐይቅ ያለውን ውኃ ከሃምሳ ጊዜ በላይ ብንቀዳው ነው። ሐይቃችንን በየቀኑ ያዩታል። እዚያ ማዶ ያለውን ተራራ ያውቁታል። "ሃምሳ የኛ ሐይቅ" ሲባሉ ግን ዝም አሉ።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ። "አይዞሽ፣ አይፈርስም" ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን ያ ተስፋ ነው፤ መልስ አይደለም። በጠርሙስ ውኃና አንድ ዘንበል ያለ ጣውላ ይዤ ገባሁ። ከጣውላው ላይኛ ጫፍ "ሐዋሳ" የሚል ካርድ ለጠፍኩ፤ ከታችኛው "ግድቡ" የሚል። ሐዋሳ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ነው። የግድቡ ሐይቅ ጢም ብሎ ሲሞላ ከፍታው 640 ሜትር ነው። "ከግድቡ ላይ ውኃ አፍስሺና ሐዋሳ ድረስ እንዲመጣ አድርጊው" አልኳት። አፈሰሰች። ውኃው ወደ ታች ወርዶ ወለሉን አረጠበ። ደግማ አፈሰሰች። ከኋላ አንዱ "ውኃ ሽቅብ አይወጣማ!" አለ። በካርታው ላይ ዓባይ ከግድቡ በኋላ ወዴት እንደሚፈስ በጣቷ ተከተለች፤ ሱዳን ደረሰች። ከዚያ ዞራ ያለችኝን አልረሳውም። "ታዲያ የሱዳን ልጆችስ?"

ይህን ጥያቄ አልጠበቅኩትም። ግድቡ ጠንካራ ሆኖ እንዲቆም ብዙ መሐንዲሶች እንደሚከታተሉት፣ ከታች ያሉ አገሮችም ስለ ውኃው ስጋት ስላላቸው ከኛ ጋር ለዓመታት ሲነጋገሩ እንደቆዩ ነገርኳት። ለአራተኛ ክፍል ይህ በቂ ነው፤ እውነትም ነው።

የቤት ሥራው ቦንድ ነበር። "ቤታችሁ ውስጥ ለግድቡ ገንዘብ ያዋጣ ሰው ካለ ጠይቁ።" የመንግሥት ሠራተኞች የወር ደመወዛቸውን የሰጡበት ነውና በማግስቱ ወሬው አላለቀም። አንዱ አያቱ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀመጡትን የቦንድ ወረቀት ቅጂ ይዞ መጣ። መቆንጠጫው አልበቃ ብሎ በሁለት ያዝነው።

ደረጃ 6፦ የሚያስፈራና የሚያሳዝን ዜና

አንድ ጊዜ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ። ጥቅምት 11 መርካቶ ሸማ ተራ በተነሳው ቃጠሎ ማግስት የእሳቱን ፎቶ በስልኬ ለልጆቹ አሳየሁ። አንዲት ተማሪ ማልቀስ ጀመረች። አባቷ ዕቃ የሚያመጣው ከመርካቶ ነው፤ በዚያ ሳምንትም አዲስ አበባ ነበር። ደህና መሆኑን እሷ አላወቀችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር አልዘልም። ከአደጋ ጋር የሚነካካ ቤተሰብ ያለው ልጅ መኖሩን ቀድሜ አጣራለሁ። የአደጋ ፎቶም ቪዲዮም አላሳይም። ከቁጥሩ በፊት የረዱትን ሰዎች እነግራለሁ።

የመሬት መንቀጥቀጡን በዳቦ አስተማርኩት። ስምጥ ሸለቆ ከአፋር ተነስቶ በአዳማ፣ በዝዋይ፣ በእኛም ሐዋሳ አልፎ ወደ አባያና ጫሞ ይወርዳል። በካርታው ላይ ሐይቆቹ ተሰልፈው ይታያሉ። ድፎ ዳቦ ይዤ ከሁለት ወገን ቀስ ብዬ ሳብኩት። መጀመሪያ ቅርፊቱ ስንጥቅ አወጣ። "መሬቱም እንዲህ በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር እየተሳበ ነው፤ ሲሰነጠቅ ይንቀጠቀጣል" አልኳቸው። ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተነስተው ወደ ሌላ ቦታ እንደተወሰዱ፣ ንዝረቱ አዲስ አበባና አዳማ ድረስ እንደተሰማም ነገርኳቸው።

"እኛ ጋ ይመጣል?" ማለታቸው አይቀርም። "አይመጣም" አትበሉ። እኛም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን። "ሊመጣ ይችላል፤ ከመጣ የምናደርገውን ዛሬ እንለማመዳለን" በሉ። ፊሽካ ስትነፉ ሁሉም ዴስክ ሥር ይግባ፣ ጭንቅላቱን በእጁ ይሸፍን፣ የዴስኩን እግር ይያዝ። ሁለተኛው ፊሽካ ሲነፋ ሳይጋፉ ወደ ሜዳ፤ ከግድግዳና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ርቀው ይቁሙ። ሦስት ጊዜ ተለማመዱት። በዚያ ሰሞን ጫማውን አድርጎ ይተኛ የነበረ ተማሪ አለኝ። እናቱ ነገረችኝ። ከልምምዱ በኋላ ጫማውን አውልቆ አልጋው ሥር፣ እጁ በሚደርስበት አስቀምጦ መተኛት ጀመረ።

የቦናው ከባድ ነው። ሰዎችን የጫነ የጭነት መኪና ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከ70 በላይ ሰው ሞተ። ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል አላነሳውም። ከፍ ላሉት ደግሞ ባላነሳውም ያውቁታል፤ ለቅሶ የሄደ ጎረቤት አይጠፋም። ከወላጆች አጣርቼ፣ አጭር አድርጌ፣ ቆመን አንድ ደቂቃ ዝም ብለን ጀመርኩ። ከዚያ ማውራት የፈለገ አወራ። ያልፈለገ ሣለ። መጨረሻ ላይ ወደ መንገድ ደኅንነት አመጣነው። የጭነት መኪና ላይ ሰው ለምን እንደማይጫን፣ ባጃጅ ውስጥ ስንት ሰው መቀመጥ እንዳለበት። ካርዱን የሰቀለችው ልጅ መቆንጠጫውን በጣም ቀስ ብላ ነው ያስያዘችው።

ጦርነትና ፖለቲካም ይነሳል። ክፍላችን ውስጥ የተለያየ ወገን ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች አብረው ይቀመጣሉ። እኔ "ጥፋተኛው ማነው?" የሚለውን በዚህ ዕድሜ አልከፍትም። የምናገረው ልጆች ላይ የደረሰውን ነው፤ ትምህርት ቤታቸው የተዘጋ፣ ከቤታቸው የተፈናቀሉ። "አባቴ እንዲህ ይላል" ያለ ልጅ ቢኖር አመስግኑት፣ አትፍረዱ፣ ወደ ሦስቱ ጥያቄዎች መልሱት።

ደረጃ 7፦ የቤታችን ዜና ከሥር

ሲባጎው የላይኛው ወገን የአገርና የዓለም ነው። የታችኛውን ለቤታቸው ስጡ። "በ2017 ቤታችሁ ውስጥ ትልቁ ዜና ምን ነበር? ቀኑን ጠይቃችሁ ኑ።" ወንድም ተወለደ። አክስት ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ገባች። ላም ወለደች። ቤት ቀየርን። ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ዘመድ ከሩቅ መጣ። አንዱ ልጅ እህቱ የተወለደችው ግንቦት 23 መሆኑን አውቆ ካርዷን ከፒኤስጂ ሥር ሰቀለ። አሁን ያንን ቀን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ደረጃ 8፦ ልጆቹ ይናገሩት

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ በአምስት በአምስት ተከፋፍለው እያንዳንዱ ቡድን አንድ ዜና በሁለት ደቂቃ ያቀርባል። የት፣ መቼ፣ ምን፣ ከማን ሰማን። ጥሩ ያቀረቡትን በሚኒ ሚዲያ ክበቡ በኩል ጠዋት ሰልፍ ላይ አስነብቡ። ዓይን አፋሩን ልጅ አታስገድዱ፤ ካርታውን ይያዝ። በጽሑፍ ፈተና ቀን አታስሸምድዱ። መፈተን ካለባችሁ ሲባጎው ላይ ያሉትን ካርዶች አውርዳችሁ "መልሳችሁ ስቀሉ" በሉ። ሃያ ደቂቃ ውስጥ ማን ምን እንደያዘ ታያላችሁ።

ሲባጎው ከዚያ አይወርድም። ሥሩ የ2018ን ባዶውን እሰሩ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ ጠዋት፣ ገና ሰልፍ ሳይበተን ያቺ ስለ ግድቡ የጠየቀችኝ ልጅ ካርቶን ይዛ ወደ እኔ ሮጠች። በፊቱ ላይ ጢስ የሚወጣው ተራራ ሥላለች። "ሃይሊ ጉቢ፣ አፋር፣ ትናንት ፈነዳ" ይላል። በጀርባው ሦስቱም መልሶች አሉ፤ ከማን እንደሰማች፣ ሰውየው ከየት እንዳገኘው፣ ሌላ ማን እንደተናገረው። "ከሐዋሳ ሩቅ ነው፣ ካርታው ላይ ዓይቻለሁ" አለችኝ። ከዚያ ማስመሪያዋን አወጣች።

"መስከረም 30፣ ጥቅምት 30፣ ከዚያ 14። ቲቸር፣ 74ኛው ላይ ነው አይደል?"